ሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ፦ ከመጀመሪያው የሕክምና ካርድ እስከ ካሳው ክፍያ

ብዙ የካሳ ክርክር የሚበላሸው ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ አደጋው በደረሰ ዕለት፣ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ነው። ተጎጂው ያቃስታል፣ ይዞት የመጣው ጓደኛው ይቻኮላል፣ ካርድ አውጪዋ «ምን ሆኖ ነው?» ትላለች። «ወድቆ ነው።» ሐኪሙም ከፍ ካለ ቦታ ወድቆ የግራ ክንዱ መሰበሩን ይጽፍና ወደ ራጅ ይልከዋል። በሕክምና በኩል የጎደለ ነገር የለም። ከወራት በኋላ ግን የአሠሪው ጠበቃ ያችን ካርድ ገልጦ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ የት ነው የወደቀው? ካርዱ ላይ ቤቱ ይሁን መንገድ ላይ፣ ሕንፃ ላይ ይሁን ደረጃ ላይ አልተጻፈም።

ስለዚህ ለሐኪሙ የሚነገረው ቃል «ወደቅኩ» ሳይሆን «ሥራ ላይ እያለሁ፣ እንዲህ እየሠራሁ ሳለ ወደቅኩ» ነው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ስለሚጽፍ የጻፈውን አታነቡት ይሆናል፤ «ሥራ ላይ መሆኔን ጽፈውልኛል?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር የለውም። የካርዱን ቁጥርም ያዙ። ካርዱ ራሱ ሆስፒታሉ ዘንድ ይቀራል፤ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ከዓመት በኋላ ማስረጃ ለማውጣት ሲመላለስ ይከርማል።

ይህን ሁሉ ጭንቀት የሚያመጣው ሕጉ ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ሁለት የተለያየ ሒሳብ ስላስቀመጠ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተራ ሕመም እና በሥራ ምክንያት የደረሰ ጉዳት የሚከፈሉት ለየብቻ ነው። በተራ ሕመም የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ያለ ክፍያ። በሥራ ላይ ጉዳት ግን አሠሪው እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይከፍላል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉውን፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ቀሪዎቹን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ። የሙከራ ጊዜ ጨረሰ አልጨረሰ የሚባል ነገር እዚህ አይነሳም፤ በገባ በሁለተኛው ቀን ጣቱ የተቆረጠም መብቱ ያው ነው።

በብር እናስበው። ደመወዙ በወር 8,000 ብር የሆነ ሰው ክንዱ ተሰብሮ፣ ሳይጋጠም ቀርቶ፣ እንደገና ተከፍቶ ዓመቱን ሙሉ ከሥራ ውጭ ሆነ እንበል። ጉዳቱ በሥራ ላይ ጉዳትነት ከተያዘለት 24,000፣ ቀጥሎ 18,000፣ ቀጥሎ 24,000፣ በድምሩ 66,000 ብር ያገኛል። በሕመም ፈቃድ ከታለፈ 8,000 እና 8,000፣ በድምሩ 16,000 ብር ይደርሰውና ከሦስተኛው ወር በኋላ ባዶ እጁን ይቀመጣል። ሕክምናው፣ ቋሚ የአካል ጉዳት ካሳውና ሌላው ሁሉ ከነጭራሹ ሳይነሳ ልዩነቱ 50,000 ብር ነው።

ለዚህ ነው የሰው ኃይል ክፍሉ በቅን ልቦናም ቢሆን «ለጊዜው የሕመም ፈቃድ ሙላና ደመወዝህ እንዳይቋረጥ» ሲል እጅ መሰብሰብ የሚያስፈልገው። ፎርሙን መሙላት ግዴታ ከሆነ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉ፤ ከመፈረማችሁ በፊትም ፎቶ አንሱት።

በሕጉ አሠሪው ጉዳት ሲደርስ ሳይለመን የሚያደርጋቸው ነገሮች አሉ፦ የመጀመሪያ ዕርዳታ በጊዜው መስጠት፣ ተጎጂውን በተስማሚ መጓጓዣ ቅርብ ወዳለ የሕክምና ተቋም ማድረስ፣ አደጋውን መዝግቦ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ አካል ማሳወቅ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ይደረጋሉ፤ ሦስተኛው ነው የሚረሳው፣ አንዳንዴም እንዲረሳ የሚፈለገው። አሠሪው አሳውቋል ብላችሁ አትቀመጡ። ራሳችሁ ደብዳቤ አስገቡ፤ ረጅም መሆን የለበትም፦

«ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4፡30 ሰዓት ገደማ፣ በፎርማኑ ትእዛዝ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካሳፎርማ በማንሳት ላይ እያለሁ የቆምኩበት መወጣጫ ተሰብሮ በመውደቄ የግራ ክንዴ ተሰብሯል። በቦታው እገሌ እና እገሌ ነበሩ። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ እንዲመዘገብልኝ፣ የሕክምና ወጪዬ እንዲሸፈንልኝ እና በሕጉ መሠረት በየጊዜው የሚደረገው ክፍያ እንዲጀመርልኝ አመለክታለሁ።»

ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ማን እንዳዘዘ፣ ምን እየተሠራ እንደነበር፣ ምን እንደተሰበረ፣ ማን እንዳየ። ምሬትም ስድብም አይጨመርበትም፤ «በቸልተኝነታችሁ ምክንያት» የሚለው ሐረግም ለጊዜው ይቆይ፣ ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ሂዱና በእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን አስደርጉ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኩትና ደረሰኙን አስቀምጡ፤ ወይም ቅጂውን ይዛችሁ በአካባቢያችሁ ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂዱና የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያየው አመልክቱ። ሆስፒታል የተኛ ሰው ደብዳቤውን በቤተሰብ እጅ ቢልክም ይሆናል፤ ዋናው ቀኑ ነው።

ስለ ቀን ካነሳን፣ ትንሽ የምትመስል ግን መዝገብ የምታዛባ ነገር አለች። የሆስፒታል ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የድርጅቱ ደብዳቤ በእኛው። ጥር 20 ቀን 2016 የደረሰ አደጋ በካርዱ ላይ ጃንዋሪ 29 ቀን 2024 ሆኖ ይወጣል። አንዱ ጸሐፊ ሲገለብጥ «20» የሚለውን ወስዶ ጃንዋሪ 20 ካለው፣ ሕክምናው አደጋው ከመድረሱ ዘጠኝ ቀን በፊት የተደረገ ይመስላል። እንዲህ ያለ ስህተት ባያችሁበት ቀን ሆስፒታሉ እንዲያርመው ጠይቁ፤ በኋላ ማስተካከል ምስክር መጥራት ይሆናል።

ምስክር ሲባል ደግሞ፣ የግንባታ ሳይት ሠራተኛ ዛሬ እዚህ ነገ ሌላ ቦታ ነው። አብረዋችሁ የነበሩትን ሙሉ ስምና ስልክ በዚያው ሳምንት ያዙ። «ያ ረዥሙ ልጅ፣ ከጎጃም የመጣው» ብሎ ምስክር መጥራት አይቻልም።

በቃል ተቀጥሮ በቀን ሒሳብ የሚሠራ ሰው «እኔማ ውል የለኝም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ የሚያሳዝነው ይህ ነው። የጽሑፍ ውል አለመኖር በአዋጁ የተሰጠን መብት አያስቀርም። የቅጥር ግንኙነቱን ማሳየት ግን ያስፈልጋል፦ በባንክ ወይም በቴሌብር የገባ ክፍያ፣ የፔሮል ፊርማ ፎቶ፣ የመግቢያ ባጅ፣ ፎርማኑ «ነገ በጠዋት ና» ያለበት የስልክ መልእክት፣ ከሁሉም በላይ አብሮ የሠራ ምስክር። በንዑስ ተቋራጭ በኩል የገባችሁ ከሆነ ደመወዛችሁን በእጁ የሚሰጣችሁና ሥራ የሚያዛችሁ ማን እንደሆነ ለዩ፤ ከሳምንት በኋላ ሁለቱ «የእኔ ሠራተኛ አይደለም» መባባል ይጀምራሉ። አዋጁ የማይመለከታቸውም አሉ፦ የመንግሥት ሠራተኞች፣ የሥራ መሪዎች፣ በራሳቸው ሥራ ተቋራጭ ሆነው የሚሠሩ። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው፣ እዚህ አልገባበትም።

አሁን ወደ ጥፋት ጉዳይ። አሠሪዎች ቀድመው የሚሉት «ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ተጠንቀቅ ተብሎ ነበር» ነው። በዚህ ሕግ ግን የአሠሪው ኃላፊነት ጥፋት ኖረ አልኖረ አይልም። ሠራተኛው ተዘናግቶ፣ ደክሞት ወይም ተሳስቶ ቢጎዳም አሠሪው ኃላፊ ነው። የማምለጫ በሮቹ ጥቂትና ጠባብ ናቸው፦ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፤ አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ወይም የአደጋ መከላከያ ደንብ ከጣሰ፤ ወይም አካሉንና አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ከገባ።

ሁለተኛው በር ነው ሁልጊዜ የሚንኳኳው። «ሄልሜት አላደረገም» ይባላል። ያኔ የሚጠየቁት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ሄልሜቱ ተሰጥቶት ነበር? የተረከበበት ፊርማ የታለ? ደንቡ ወጥቶ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮታል ወይስ ቢሮ ውስጥ ፋይል ላይ ነው ያለው? ደግሞስ ሄልሜት ማድረግ አለማድረጉ ከተሰበረ ክንድ ጋር ምን አገናኘው? «ተጠንቀቁ» የሚል ጥቅል ምክር ግልጽ መመሪያ አይደለም። አደጋው ከደረሰ በኋላ ወረቀት አዘጋጅቶ «የደኅንነት ሥልጠና ወስጃለሁ» በሚል ማስፈረም የሚሞክርም አለ፤ ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ በተጻፈ ወረቀት ላይ በፍጹም አትፈርሙ።

የአሠሪው ጥፋት በርግጥ ካለስ? ለምሳሌ የማሽኑ መከለያ ተነቅሎ «እንደዚሁ ሥሩበት» ተብሎ ከሆነ? ያኔ ከአዋጁ ክፍያ ሌላ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል ውጭ ኃላፊነት ተጨማሪ ካሳ የመጠየቅ መብት አለ። እዚያ ግን ጥፋቱን የማስረዳት ሸክም የእናንተ ነው፤ የይርጋ ጊዜውም፣ ማለትም ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት ገደብ፣ 2 ዓመት ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ «በቸልተኝነታችሁ» አትበሉ ያልኩት ለዚህ ነው፦ ማስረዳት የማይጠበቅባችሁን ነገር በገዛ እጃችሁ የክርክሩ ዋና ጭብጥ ታደርጉታላችሁ፤ አሠሪውም ገና ከመጀመሪያው ቀን ጠበቃውን ይጠራል። የመከለያውን ፎቶ ግን በዚያው ቀን አንሱት፤ በማግሥቱ ተገጥሞ ታገኙታላችሁ።

«ሥራ ላይ» ሲባል ማሽኑ ፊት ቆሞ ማለት ብቻ አይደለም። ከመደበኛው ቦታ ወይም ሰዓት ውጭ የአሠሪን ትእዛዝ እየፈጸሙ ሳለ የደረሰ ጉዳት ይቆጠራል፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ካለቀ በኋላ ወይም በእረፍት ሰዓት፣ ከሥራ ጋር በተያያዘ ምክንያት በድርጅቱ ግቢ ውስጥ እያሉ የደረሰም እንዲሁ። በድርጅቱ ሰርቪስ ወይም ድርጅቱ ለዚሁ ብሎ በተከራየው መኪና ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የደረሰ አደጋም ውስጥ ነው። በራሳችሁ ታክሲ ወይም ባጃጅ ስትመጡ የደረሰ ግን በዚህ ድንጋጌ አይሸፈንም። ሥራ ላይ እያሉ ሌላ ሰው ቢመታችሁ፣ ለምሳሌ ጥበቃ ላይ ሌባ ቢያቆስላችሁ፣ እሱም የሥራ ላይ ጉዳት ነው።

የሕክምና ወጪን በተመለከተ አጠቃላይና ልዩ ሕክምና፣ ቀዶ ጥገና፣ አልጋና መድኃኒት፣ አስፈላጊ ከሆነም ሰው ሠራሽ አካልና የአጥንት መደገፊያ የአሠሪው ወጪ ናቸው። እዚህ ላይ የሚደረግ ማምታታት አለ። ብዙ ድርጅት በኅብረት ስምምነቱ ወይም በውስጥ ደንቡ «የሕክምና ጣሪያ» አለው፤ ያ ጣሪያ ለተራ ሕመም የተደረገ ጥቅማ ጥቅም ነው። ለሥራ ላይ ጉዳት ሕጉ ጣሪያ አላስቀመጠም። «የዓመቱ ኮታህ አልቋል» የሚል መልስ ሲመጣ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ በጽሑፍ ለመስጠት ሲያቅማሙ ነገሩ ይገባችኋል።

ድርጅቱ በክሬዲት የሚያሳክምበት ክሊኒክ ካለ መጀመሪያ እዚያው ሂዱ። ከዚያ ውጭ መሄድ ካስፈለገ ሪፈር ወረቀት ይኑር፤ ያለ ሪፈር በራስ ምርጫ የታከሙበት ደረሰኝ ነው ብዙ ጊዜ ውድቅ የሚሆነው። ደረሰኝ በስማችሁ ይቆረጥ፤ የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ ከሐኪም ማዘዣው ቅጂ ጋር ይያያዝ። ዋናውን ለድርጅቱ ስትሰጡ ቅጂው ላይ «ዋናውን ተቀብያለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው ይኑር። የደረሰኝ ቀለምም በፀሐይና በላብ ይጠፋል፣ በስልካችሁ ፎቶ አስቀሩት።

በየጊዜው የሚደረገው ክፍያ የሚቆመው ከሦስቱ ቀድሞ በደረሰው ነው፦ ሐኪም «ድኗል፣ መሥራት ይችላል» ብሎ ሲያረጋግጥ፣ የጉዳት ጡረታ ወይም ዳረጎት (በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ክፍያ) የማግኘት መብት ሲጀምር፣ ወይም ሥራ ካቆሙበት ቀን 12 ወር ሲሞላ። በመሃልም ሊታገድ ይችላል፦ የታዘዘ ምርመራን እምቢ ማለት ወይም ያለ ምክንያት ማጓተት፣ መዳንን የሚያዘገይ ነገር ማድረግ። ጀሶ እንደታሰረ ሌላ ቦታ ቀላል ሥራ ሲሠራ የተያዘ ሰው ክፍያው ቢቋረጥበት የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም። ወጌሻ ዘንድ መሄድም እንዲሁ መዘዝ አለው፤ የተጋጠመ አጥንት ታሽቶ ሲበላሽ አሠሪው ጉዳቱን ወደዚያ ይገፋዋል።

ስሌቱ የሚነሳው ከደመወዝ ነው፤ ደመወዝ የሚለው ቃል ደግሞ በሕጉ ጠባብ ነው። የትርፍ ሰዓት፣ አበል፣ የትራንስፖርት፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን አይቆጠሩም። እጃችሁ ላይ በወር 14,000 ብር እየገባ ውሉ ላይ ያለው ደመወዝ 8,000 ከሆነ ካሳው የሚሠራው በ8,000 ነው። ውል ስትፈርሙ «ደመወዙን ዝቅ አድርገን አበሉን እናብዛልህ» የሚለው ነገር ዋጋው የሚታየው እዚህ ነው።

ቋሚ ጉዳት የቀረበት ሰው ቀጣዩ ጣቢያው የሐኪሞች ቦርድ ነው። አንድ ሐኪም ብቻውን የሚጽፈው «ቋሚ ጉዳት አለው» የሚል ወረቀት ለዚህ አይበቃም። የጉዳቱን ደረጃ በመቶኛ የሚወስነው ቦርድ ነው፣ የሠራተኛ ጉዳይ በሚመለከተው ሚኒስቴር የወጣውን የአካል ጉዳት መመዘኛ ሰንጠረዥ ተከትሎ። በተቻለ መጠን ጉዳቱ በደረሰ በ12 ወር ውስጥ እንዲወሰን ሕጉ ያዛል። ቦርድ ፊት የሚቀረበው በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውን አሠሪው ይጽፋል፣ እምቢ ካለ ጉዳዩን የያዘው ፍርድ ቤት ያዛል። ስትሄዱ ፎቶ ያለበት መታወቂያ፣ የካርድ ቁጥር፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ራጅ፣ የቀዶ ጥገና ማጠቃለያ ያዙ። የመጀመሪያው ራጅ የሌለበት ሰው የዛሬው መጣመም ከዚያ ቀን አደጋ የመጣ መሆኑን ማሳየት ይቸግረዋል።

ቦርዱ ፊት «ምን ያማል?» ሲባሉ ብዙዎች በይሉኝታ «አሁንስ ተሽሎኛል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ምስጋናው መልካም ነው፤ ግን ክንዱ ከትከሻ በላይ አይነሳም፣ ባልዲ ሲያነሳ ይንቀጠቀጣል፣ በሌሊት ሲያመው ያድራል ካልተባለ ቦርዱ አያውቀውም። ሳይጋነን፣ የማይቻለውን ሥራ አንድ በአንድ መናገር ነው። ፊት ላይ የቀረ ከባድ ጠባሳም መሥራት ባያቅትም ከዘላቂ ከፊል የአካል ጉዳት ይቆጠራል፤ ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸው፣ በተለይ በእንፋሎትና በአሲድ የተቃጠሉ። ውሳኔው የመጨረሻ አይደለም፦ ጉዳቱ ከባሰ፣ ከተሻለ ወይም ምርመራው የተሳሳተ ከሆነ እንደገና እንዲታይ ሠራተኛውም አሠሪውም መጠየቅ ይችላሉ።

መቶኛው ከታወቀ በኋላ ከፋዩ ማን ነው? የኅብረት ስምምነቱ የተሻለ ነገር ካለው መጀመሪያ እሱ ይታያል። ከዚያ አሠሪው የገባው የኢንሹራንስ ሽፋን ወይም የጡረታ ሕጉ። በጡረታ ውስጥ ያለ የግል ድርጅት ሠራተኛ ጥያቄው ለግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይቀርባል። በጡረታ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ግን ካሳውን ከአሠሪው በአንድ ጊዜ ይቀበላል፦ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከሆነ የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ፣ ከፊል ከሆነ ከዚያው ላይ በመቶኛው ልክ። የ8,000 ብር ደመወዝተኛ የዓመት ደመወዙ 96,000 ነው፤ አምስት እጥፉ 480,000። ቦርዱ 15 በመቶ ካለ 72,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ግብር አይቆረጥም፤ በዕዳም አይያዝም፣ «ለሕክምና ያወጣነውን እናካክስ» ብሎ መቀነስም አይቻልም።

ከደመወዛችሁ በየወሩ 7 በመቶ ለጡረታ እየተቆረጠ የአሠሪው 11 በመቶ ተጨምሮ መግባቱን ሳትጎዱ በፊት አረጋግጡ። ተቆርጦ ሳይገባ የቀረ መዋጮ ባለበት መሥሪያ ቤት የተጎዳ ሰው፣ ጡረታው «መዝገብህ የለም» አሠሪው «ጡረታህን ጠይቅ» ሲሉት በመሃል ይንገላታል። የኢንሹራንሱም ነገር እንዲሁ ነው፤ አሠሪው በጊዜው ባለማሳወቁ ወይም ሠራተኛውን በዝርዝሩ ውስጥ ባለማስገባቱ ኩባንያው አልከፍልም ቢል፣ ያ የሁለቱ ጣጣ ነው። እናንተ የምትጠይቁት አሠሪያችሁን ነው።

በጉዳቱ ምክንያት መሥራት እንደማይችል ቦርድ አረጋግጦ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ከካሳው ሌላ የሥራ ስንብት ክፍያም አለው። ሁለቱ አይተካኩም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ወረቀት ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ተጎጂው ቤት ኪራይ ባለቀበት ሰሞን፣ ከተወሰነ ብር ጋር፦ «ካሳዬን ሙሉ በሙሉ ተቀብዬ ምንም ጥያቄ የለኝም»። ቦርድ መቶኛውን ሳይወስን የሚቀርብ እንዲህ ያለ ስምምነት ሁለቱም ወገን መጠኑን የማያውቁት ግብይት ነው፤ አሠሪው ግን ግምቱን ከእናንተ በተሻለ ያውቀዋል። ገንዘቡ የግድ ካስፈለገ «ከሚገባኝ ክፍያ ላይ በቅድሚያ ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ» ብላችሁ ራሳችሁ ጻፉና ፈርሙ። በዚህ ካልተስማሙ መልሱን አግኝታችኋል።

ይርጋው አንድ ዓመት ነው፣ መብቱ መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ጀምሮ። የደመወዝና መሰል ክፍያዎች ጥያቄ 6 ወር ስለሆነ፣ ያልተከፈለ ወርሃዊ ክፍያን በአጭሩ ቆጥሮ መንቀሳቀስ ይሻላል። ዓመቱ ከመቼ ይቆጠር የሚለው፣ ከአደጋው ቀን ነው ወይስ ከቦርድ ውሳኔ፣ ራሱ ክርክር ያስነሳል፤ ስለዚህ ከአደጋው ቀን ቁጠሩና ቦርድ ባይወስንም ዓመቱ ሳይሞላ ክስ ክፈቱ፤ ቦርዱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይሰየማል። ይርጋን የሚያቋርጠው ሥልጣን ላለው አካል ማመልከት ወይም አሠሪው መብታችሁን በጽሑፍ ማመኑ ነው። «ታገሥ፣ ዋና መሥሪያ ቤት ጽፈናል» የሚለው የቃል ተስፋ አያቋርጥም። ሰው የሚጠፋው በዚህች ተስፋ ነው፤ አሥራ ሦስተኛው ወር ላይ ቋንቋው ይለወጣል።

ክሱ የሚቀርበው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። የዳኝነት አይከፈልበትም፤ ሕጉ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይላል፣ መዝገብ ሲበዛ ግን ይጓተታል። ይግባኝ በ30 ቀን ውስጥ ነው። በክሱ ላይ ሁሉንም ጥያቄ ለይታችሁ በብር አስቀምጡ፦ ያልተከፈለ ወርሃዊ ክፍያ ይህን ያህል፣ የሕክምና ወጪ በደረሰኝ ይህን ያህል፣ የቋሚ ጉዳት ካሳ ቦርዱ በሚወስነው መቶኛ። «ተገቢው ካሳ ይከፈለኝ» ብቻ የሚል ክስ ይሻሻል ተብሎ ይመለሳል።

ሠራተኛው ከሞተ ከቀብር ወጪው ሌላ በጡረታ ላልተሸፈነ ሰው የአምስት ዓመት ደመወዝ ለጥገኞቹ ይከፈላል፦ ለባል ወይም ለሚስት 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ 10 በመቶ፣ ሟቹ ይረዳው ለነበረ ለእያንዳንዱ ወላጅ 10 በመቶ፤ ድምሩ ከመቶ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ በየድርሻው ይስተካከላል። ቤተሰቡ በሐዘን ላይ ሳለ የጋብቻና የልደት ማስረጃ አይታሰበውም፤ ከዘመድ አንድ ሰው ይህን ብቻ ይያዝ።

የሚከብደው የመጀመሪያ ቀን የሌለው ጉዳት ነው፦ የሲሚንቶ ብናኝ ሳንባ፣ የማሽን ጩኸት ጆሮ፣ የአበባ እርሻ መድኃኒት ቆዳ። ሕጉ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ከአደጋ እኩል ያያል፤ ግን ማንም «የዛሬ አራት ዓመት ማክሰኞ ዕለት ጆሮዬ ደከመ» አይልም። እዚህ የመጀመሪያዋን ካርድ ራሳችሁ ትፈጥራላችሁ፦ ስትቀጠሩ የጤና ምርመራ ተደርጎላችሁ ከሆነ ቅጂውን ያዙ፣ ምልክቱ ሲጀምር ክሊኒክ ሄዳችሁ የምትሠሩበትን ክፍል፣ የምትነኩትን ኬሚካል ስም ከጀሪካኑ ላይ ገልብጣችሁ፣ ስንት ዓመት እንደሠራችሁ አስጽፉ። በየስድስት ወሩ ድገሙት። ሳንባው ወይም ጆሮው ከሥራው በፊት ጤነኛ እንደነበር የምታሳየዋ ወረቀት ከምርመራው ውጤት እኩል ዋጋ አላት፤ እሷን ደግሞ ከሥራ ከለቀቁ በኋላ ከድርጅቱ ክሊኒክ ማግኘት ከባድ ነው።